አንድ ጦርነት፣ ሁለት ጥያቄዎች



አዲስ አበባ ሁለቱንም ኮሪያዎች በድንጋይ አቁማ የያዘች ከተማ ናት። አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ ደቡብ ኮሪያውያን አግዘውን የተሠራ ነው፤ ሄደው ያልተመለሱት ወገኖቻችን ስም ሰፍሮበታል። ወደ ታች ወርዳችሁ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ስትደርሱ ደግሞ የትግላችንን ሐውልት ታገኛላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲመረቅ በሥራው የረዱን ሰሜን ኮሪያውያን ነበሩ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከአንደኛዋ ኮሪያ ጎን ተሰልፈን ሌላዋን ወጋን፤ የወጋናት ደግሞ መጥታ ሐውልት አቆመችልን። በዚያ መካከል የቃኘው ዘማቾች በተራቸው ዝም ማለትን ተማሩ፤ የተዋጉለት ወገን በአገራቸው ሬዲዮ የጠላት ስም ወጥቶለት ነበርና።

ስለነዚህ ሰዎች ልጆቻችን የሚሰሙት ባጭሩ ይህ ነው፦ ስማቸውን ከራስ መኮንን ፈረስ ከአባ ቃኘው ያገኙ ጀግኖች ነበሩ፤ ከመቶ ሃያ በላይ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። የሚያኮራ ነው፤ ይነገር። ግን ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት በትረካው ውስጥ ኮሪያዊ የለም። ማሳው የተቃጠለበት ገበሬ የለም፤ ልጇ ወንዝ ማዶ የቀረባት እናት የለችም። የሰው አገር ለእኛ ጀግንነት ሜዳ ሆና ትቀራለች። እስቲ ዛሬ ኮሪያውያኑን እንያቸው። የራሳቸውን ጦርነት ለራሳቸው ልጆች እንዴት አስተማሩ? የት ላይ ተሳሳቱ? ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር? የአድማጩ ልብ በየመሐሉ ወደ አገር ቤት እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ይሩጥ፤ እኔ ግን ከኮሪያ አልወጣም።

ዓመታቱን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1945 ኦገስት ነው። ጃፓን ልትወድቅ ቀናት ሲቀሯት ዲን ራስክና ቻርልስ ቦንስቲል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኮሎኔሎች ዋሽንግተን ውስጥ በሌሊት የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ዘርግተው፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ፣ 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ከመስመሩ በላይ ያለውን የጃፓን ጦር ሶቪየቶች፣ ከታች ያለውን አሜሪካውያን እጅ ያሰጡታል። ኮሪያዊ አልተጠየቀም። ጊዜያዊ የተባለው መስመር በ1948 ሁለት መንግሥታት ወለደ፤ ሁለቱም ምድሩ በሙሉ የእኔ ነው ባዮች ነበሩ። እሑድ ጁን 25 ቀን 1950 ንጋት ላይ የሰሜኑ ጦር መስመሩን ተሻገረ። ሴኡል በሦስት ቀን ወደቀች፤ ዓመት ሳይሞላም አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። በጁላይ 27 ቀን 1953 ተኩስ ቆመ። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ስምምነቱን አልፈርምም አሉ፤ የሰላም ውል የሚባል ነገር እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ «ያለፈ ጦርነት» ስንል በጥንቃቄ ነው። ሴኡል ውስጥ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስለ 1950 የሚማር ወንድ ልጅ ጥቂት ቆይቶ የብሔራዊ ግዳጁን ዩኒፎርም ይለብሳል፤ ዕጣው ከሆነም ስሙን መጽሐፍ ላይ ያነበበው ኮረብታ ላይ ዘብ ይቆማል። ታሪክ አስተማሪው የሚናገረው ለወደፊት ወታደር ነው።

በሰሜን በኩል ያለውን ትምህርት ቶሎ እንለፈው፤ እዚያ መምህሩም ተማሪውም የሚመርጡት ነገር የለም። ደቡቡ በአሜሪካ ገፋፊነት ወረረን፣ መሪያችን ኪም ኢል ሱንግ መልሶ መታ፣ አሸነፍንም ይባላል። ጁላይ 27 የድል በዓል ነው። የሚገርመኝ የደቡቡ ነው፤ እዚያ ትምህርቱ ሲቀያየር ማየት ይቻላልና።

የወታደራዊው ገዢ የፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን ልጆች ጦርነቱን የተማሩት በፖስተር ሥዕልና በንግግር ውድድር ነው፤ ርእሱ ሁልጊዜ ኮሚኒዝምን ማውገዝ። በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የአንድ ልጅ ሐውልት ቆሞ ነበር። ሊ ሱንግ ቦክ ይባላል። በ1968 ዲሴምበር ከሰሜን ሰርገው የገቡ ኮማንዶዎች ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱና ከታናናሾቹ ጋር ገደሉት። ከመሞቱ በፊት ኮሚኒስቶችን እንደሚጠላ ፊት ለፊት ነገራቸው ተብሎ በመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። መገደሉ የማያጠራጥር ነው፤ ቃሉን ስለመናገሩ ግን ከዓመታት በኋላ ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እኔን የሚያሳዝነኝ ከክርክሩ በፊት ያለው ነው፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መታረዱ ለትምህርቱ አልበቃ ብሎ መፈክር እንዲጨመርበት መፈለጉ።

በ1974 መንግሥት የታሪክ መማሪያውን አንድ ብቻ አድርጎ ራሱ ማሳተም ያዘ። ዴሞክራሲው ከመጣና በርከት ያሉ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የዘመናዊ ታሪክ መማሪያን የግል አሳታሚዎች በመንግሥት ፈቃድ እንዲያወጡ ተፈቀደ። ወዲያው መጽሐፎቹ ለሰሜን ያደላሉ የሚል ጩኸት ተነሣ። በ2015 የፓርክ ልጅ ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ ወደ አንድ የመንግሥት መጽሐፍ እንመለሳለን አሉ። የታሪክ ምሁራን አንጽፍም ብለው ፈረሙ፤ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። መጽሐፉ በ2017 ሲደርስ ለሙከራ እንኳ ሊያስተምርበት የወሰነው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የገዛ ተማሪዎቹና ወላጆች ተነሡበት። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሙን ጄ ኢን ዕቅዱን ሰረዙት።

በዚህ ሁሉ ጠብ ውስጥ አንድ ስሕተት ከሁለቱም ወገን ይታየኛል። ስለ ኮሪያ ጦርነት የሚጠየቁት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተሟጋቾቹ ግን ለአንዱ የሰጡት መልስ ሌላውንም የሚዘጋላቸው ይመስላቸዋል። አንደኛው ጥያቄ፦ በጁን 1950 ማን ወረረ? ሁለተኛው፦ በጦርነቱ ውስጥ በሰላማዊ ሰው ላይ ማን ምን አደረገ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው። በ1994 የሩሲያው ፕሬዚዳንት የልሲን ከሶቪየት መዝገብ ቤት የወጡ ሰነዶችን ቅጂ ለደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ኪም ዮንግ ሳም አስረከቡ። ኪም ኢል ሱንግ ደቡቡን እንዲወጋ ደጋግሞ ፈቃድ መጠየቁ፣ ስታሊን በ1949 መከልከሉ፣ በ1950 ጃንዋሪ ቴሌግራም በሩን መክፈቱ፣ ኪም በኤፕሪል ሞስኮ ሄዶ መምከሩ፣ በሜይ የማኦን ይሁንታ ማግኘቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ዛሬ ክፍል ገብቶ «ሰሜኑ እንዲህ ይላል፣ ደቡቡ እንዲያ ይላል፣ እናንተ ፍረዱ» የሚል መምህር ገለልተኛ አልሆነም፤ ሥራውን ትቶ ነው የወጣው። መልስ የተገኘለትን ነገር እንዳልተገኘለት አድርጎ ማቅረብ ለልጅ ውሸት መንገር ነው። እርግጥ ከዚያ እሑድ በፊት በ1949 በመስመሩ ዙሪያ ሁለቱም ወገኖች ይታኮሱ ነበር፤ በጄጁ ደሴትም ከ1948 ጀምሮ ብዙ ደም ፈሷል። ይህ ጦርነቱ ከየት እንደበቀለ ያስረዳል። ታንኮቹን ማን እንዳዘዘ ግን አይለውጥም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቆየት እንበል፤ ለዐሥርት ዓመታት የተቀበረው እሱ ነውና።

በ1949 የደቡቡ መንግሥት የቀድሞ ግራ ዘመሞችን «ለማቅናት» ቦዶ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። የአባላቱ ብዛት 300,000 ደረሰ ይባላል። ኮታ ለመሙላት የተመዘገበ፣ እህል ይሰጣል ተብሎ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ገበሬ ብዙ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር መንግሥት እነዚህ ሰዎች ከወራሪው ጋር ያብራሉ ብሎ ፈራ። ፖሊስና ወታደር እየሰበሰበ በየሸለቆውና በየተተወ የማዕድን ጉድጓዱ ረሸናቸው። በ2005 መጨረሻ የተቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እስከ 2009 በስም አጣርቶ ያረጋገጣቸው ሟቾች 4,934 ናቸው፤ ጠቅላላው ቁጥር ግን በዐሥር ሺዎች እንደሚቆጠር፣ ከዚያም እንደሚበልጥ ይገመታል። በ2008 ጃንዋሪ ፕሬዚዳንት ሮ ሙ ህዩን በአገራቸው ስም ይቅርታ ጠየቁ።

አንድ መምህር አንድ ሳምንት ብቻ ቢሰጠውና ምን ላስተምር ቢለኝ ዴጆንን ውሰድ እለዋለሁ። ዴጆን ከሴኡል በስተደቡብ ያለች የባቡር መገናኛ ከተማ ናት። በጁላይ 1950 የሰሜኑ ጦር እየቀረበ ሲመጣ የደቡቡ ወታደሮችና ፖሊሶች የከተማዋን እስረኞችና የቦዶ አባላት በጭነት መኪና ወደ ሳኔ ሸለቆ አውጥተው፣ በተቆፈረ ቦይ አፍ ላይ በደረታቸው አስተኝተው ጨረሷቸው። ሟቾቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። አሜሪካውያን መኮንኖች ቆመው አይተዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ጁላይ 20 ከተማዋ በሰሜኑ እጅ ወደቀች። ሁለት ወር ቆይቶ፣ በአሜሪካ የሚመራው ጦር ኢንቾን ላይ በባሕር ወረራ ካረፈ በኋላ፣ የሰሜኑ ጦር ሲሸሽ ደግሞ በዚያችው ከተማ እስር ቤት ያጎራቸውን ሰዎች ፈጀ፤ በመካከላቸው የተማረኩ አሜሪካውያንም ነበሩ።

አንድ ከተማ፣ አንድ በጋ፣ ሁለት ፍጅት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተነገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። የሴፕቴምበሩ ሟቾች መታሰቢያ ቆመላቸው። የጁላይ ሟቾች ልጆች ግን «የቀይ ልጅ» እየተባሉ አደጉ፤ የመንግሥት ሥራ ሲያመለክቱ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ ሲጠይቁ የአባታቸው ስም እየተመዘዘ ይዘጋባቸው ነበር። አባቷ የት እንደተቀበረ የምታውቅ ሴት ሸለቆው ዳር ቆማ ማልቀስ የማትችልበት አገር ነበር።

ጉዳዩን ለክፍል ውስጥ ሥራ ይበልጥ የሚያመቸው ይህ ነው። አለን ዊኒንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከሰሜኑ ጦር ኋላ ተከትሎ ዴጆን ገባ፤ መቃብሮቹን አይቶም በ1950 ኦገስት ለንደን ይታተም ለነበረው ዴይሊ ወርከር ጻፈ። ጋዜጣው የኮሚኒስት ፓርቲ ልሳን ነበር፤ ሰውዬውም ኮሚኒስት ነበር። ለንደን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የፈጠራ ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። በኋላም የዊኒንግተን ፓስፖርት እንዳይታደስ ተደርጎ ለዓመታት አገሩን ማየት አልቻለም። የአሜሪካውያኑ መኮንኖች ፎቶግራፎች እስከ 1999 በምስጢር ተይዘው ቆዩ። ሲከፈቱ ቦዩም፣ የተረሸኑትም፣ ተኳሾቹም ታዩ። ወገንተኛው ጋዜጠኛ በዋናው ነገር ያየውን ነበር የጻፈው፤ የሰጠው ቁጥርና አሜሪካውያን ነበራቸው ያለው ድርሻ ግን አሁንም የሚመረመር ነው።

ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየት ይመጣል? ተናጋሪው ወገን አለው ተብሎ ብቻ ቃሉ አይጣልም፤ ወገን አለው ተብሎም በሙሉ አይታመንም። ይህን በምክር መልክ ብንነግረው አዎን ብሎ ይረሳዋል። ፎቶግራፉን፣ የጋዜጣውን ገጽና የኤምባሲውን ማስተባበያ አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ብናስቀምጥለት ግን ራሱ ይደርስበታል።

ሌሎችም አሉ። በ1951 ፌብሩዋሪ የደቡቡ ጦር ጎቻንግ በሚባል ወረዳ 719 መንደርተኞችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ያቆሙት የመቃብር ድንጋይ በ1961 ፓርክን ለሥልጣን ካበቃው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጽሑፉ በመሮ ተፍቆ መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ ሙታን ሲቀበሩ አይተናል፤ የመቃብር ድንጋይ ሲቀበር ግን እንግዳ ነገር ነው። በኖ ጉን ሪ የባቡር ድልድይ ሥር አሜሪካውያን ወታደሮች በጁላይ 1950 መጨረሻ ስደተኞች ላይ ተኩሰዋል፤ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት 163 ሰው መሞቱን ወይም መጥፋቱን መዝግቧል። ዛሬ አጠገቡ የሰላም ፓርክ አለ፤ በድልድዩ ግንብ ላይ የጥይቶቹ ምልክት በነጭ ቀለም ተከቦ ይታያል። ሰሜን ውስጥ ደግሞ ሲንቾን የሚባል ቦታ አለ። እዚያ በ1950 መገባደጃ ብዙ ሕዝብ ማለቁ እውነት ነው፤ የሰሜኑ መንግሥት ከ35,000 በላይ ሰው አሜሪካውያን ገደሉ ብሎ ሙዚየም ሠርቶ ልጆችን በሰልፍ ይወስዳል። የደቡቡ ደራሲ ህዋንግ ሶክ ዮንግ በ2001 ባሳተመው «እንግዳው» በሚባል ልብ ወለዱ ግን ያን ሕዝብ ያጫረሰው ጎረቤትና ጎረቤት፣ ክርስቲያኑና ኮሚኒስቱ ኮሪያዊ አድርጎ አቀረበው። ሁለቱም መንግሥታት ሊወዱት የማይችሉት መጽሐፍ ነው፤ እኔ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አስነብበዋለሁ።

አሁን ይህን ማስተማር የሚቃወሙትን ሰዎች ቃል እንስማ፤ ተራ አይደለምና። አገሩ አሁንም ጠላት ፊት ለፊቱ አለ፤ ልጆቻችንን «እኛም ገድለናል» ብለን ካሳደግናቸው ነገ ማን ይጠብቀናል? ይላሉ። ጦርነቱን ያዩ ሽማግሌ ይህን ሲሉ እኔ አልስቅባቸውም። ግን ፍርሃቱ የቆመው ቅድም ባልኩት መደባለቅ ላይ ነው፦ ለሁለተኛው ጥያቄ እውነቱን ከመለስን የመጀመሪያው መልስ የሚፈርስ ይመስላቸዋል። አይፈርስም። ሰሜኑ መውረሩ ጎቻንግን ንጹሕ አያደርገውም፤ ጎቻንግም ሰሜኑን ንጹሕ አያደርገውም። እንዲያውም ሳኔን ከአስተማሪው አፍ ያልሰማ ልጅ አንድ ቀን ከሌላ አፍ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ «ይህን ከደበቁኝ ስለ ጁን 25ም ዋሽተውኝ ይሆናል» ማለቱ አይቀርም። በ1980ዎቹ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰሜኑን ትረካ እንዲያምኑ የገፋፋቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። በፖስተር ያደጉ ልጆች ነበሩ።

የመምህራኑ ችግር ሌላ ነው። እዚያ አገር መምህር በፖለቲካ እጁን እንዳያስገባ ሕግ ያዘዋል፤ ከአንዱ ወላጅ «ቀይ»፣ ከሌላው «አድሃሪ» የሚል ክስ መስማት ስለሚፈራ ምዕራፉን አሯሩጦ ያልፈዋል። በጀርመን፣ እነሱም ተከፍለው በነበሩበት ዘመን፣ በ1976 ቦይተልስባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሰበሰቡ የትምህርት ሰዎች የተስማሙበት መርህ አለ፦ መምህር ተማሪውን በራሱ አቋም አይጨፍልቅ፤ ምሁራን የሚከራከሩበት ነገር ክፍል ውስጥም እንደ ክርክር ይቅረብ፤ ተማሪው የራሱን ጥቅምና ቦታ እንዲመረምር ይታገዝ። ሴኡል ውስጥ ይህ መርህ ብዙ ተወርቶለታል። ወድጄዋለሁ፤ ብቻ ግልባጩም አብሮ ይጻፍ ባይ ነኝ፦ ምሁራን የማይከራከሩበት ነገር ክፍል ውስጥ የውሸት ክርክር አይፈጠርለት።

ዕድሜስ? የአሥር ዓመት ልጅ ሳኔ ሸለቆ አይወሰድም። እሱ በ1983 ይጀምር። በዚያ ዓመት ኬቢኤስ የተባለው ቴሌቪዥን በጦርነቱ የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማፈላለግ ከጁን 30 ጀምሮ አንድ ሌሊት ብቻ ሊያስተላልፍ ያሰበው ፕሮግራም 138 ቀን ቆየ። ከ53,000 በላይ ጉዳዮች አየር ላይ ዋሉ፤ 10,189 ቤተሰቦች ተገናኙ። ሰዎች ስማቸውን፣ የትውልድ መንደራቸውን፣ የጠፉበትን ገበያ በካርቶን ጽፈው የጣቢያውን ግቢ ሞሉት። ወንድምና እኅት በልጅነት ጠባሳ ተዋውቀው ተገናኙ፤ ብዙዎቹ እዚያው ደቡብ ውስጥ፣ በአንድ አገር እየኖሩ ነበር ሠላሳ ዓመት የተጠፋፉት። የአሥር ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል፤ ስለ ታንክ ሞዴል ከማወቁ በፊት ጦርነት ቤት ውስጥ ምን እንደሚያጎድል ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከሰሜን ሸሽተው የመጡ ከ30,000 በላይ ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸው ከሌሎቹ ጋር ይማራሉ። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዴስክ ላይ፣ «ደቡቡ ወረረን» ተብላ ያደገችና «ሰሜኑ ወረረን» ተብሎ ያደገ ይቀመጣሉ። መምህሩ ለእሷ «የተማርሽው ውሸት ነው» ቢላት እውነት ተናግሯል፤ ግን አስተማራት አልልም። አንዱን ባለሥልጣን ትታ ሌላውን እንድታምን ነው የነገራት። የሞስኮውን ቴሌግራም ያሳያት። ቀጥሎ ለዴስክ ጓደኛዋ የሳኔን ፎቶግራፍ ያሳየው። ሁለቱም ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነገር በማስረጃ ፊት ሲፈተን ያያሉ፤ ተራው የአንዷ ብቻ አይሆንም።

የመጨረሻው እንቅፋት ፈተና ነው፤ መምህራን ስለምታውቁት አላስረዝምም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ የኮሪያ ታሪክ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ግዴታ ሆኗል፤ ፈተናው ምርጫ ነው፤ አንዱን አክብብ። የኢንቾን ወረራ በየትኛው ወር እንደነበር በምርጫ መጠየቅ ይቻላል፤ ዴጆንን ግን አይቻልም። ለእኔ ቢተውልኝ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ይህን አንድ ጥያቄ አወጣ ነበር፦ በ1950 ኦገስት ለንደን ውስጥ ያለ ሰው የዊኒንግተንን ዘገባና የኤምባሲውን ማስተባበያ በአንድ ቀን አነበበ። በዚያን ጊዜ በእጁ በነበረው ማስረጃ ብቻ ምን ማመን፣ ምኑን ማቆየት፣ ምን ብሎ መጠየቅ ነበረበት? «ዊኒንግተንን ማመን ነበረበት፣ በኋላ ትክክል ሆኗልና» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግማሽ ማርክ ያገኛል። አንባቢው የ1999ኙን ፎቶግራፍ አላየም።